የማይ ጸሊም መስታወት

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋወርቅ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ በእኛ ከተማ «ደህና ነኝ» ሲባል አሁን በምን ልክ እንደሆነ አንቺም አታጪውም። አድራሻሽን የሰጠኝ የዩኒቨርሲቲው የድሮ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ተስፋማርያም ነው። እሱን አትቆጪው፤ ሦስት ወር ሙሉ ጨቅጭቄው ነው።

መፈለጌን ከእሱ ሰምተሽ ለላክሽልኝ አጭር መልእክት በስልክ ሳይሆን በወረቀት የመለስኩት ንቄሽ አይደለም። ስልክ በተቋረጠብን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ መጻፍ ለመድኩ። ዛሬም ስልክ ሲጮህ ልቤ ይደነግጣል። እባክሽ አንቺም በወረቀት ጻፊልኝ፤ ወረቀት ላይ ሰው ረጋ ብሎ ያስባል። የእኔን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ለማውቀው ተጓዥ እሰጣለሁ፤ በማግስቱ ይደርስሻል።

የጠየቅሽኝን አልሸሽም። አዎ፣ እኔ ነኝ። የመስክ ቡድኑን እንድትመሪ የተመረጥሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ነኝ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «የሚጥል በሽታ አለባት፤ ገደል አፋፍ ላይ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?» ያልኩት። ሕመምሽን የነገርሽው ለእኔ ብቻ ነበር። በሳምንቱ መሪው እኔ ሆንኩ፣ አንቺ ናሙና መዝጋቢ ሆንሽ። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። እኔም እንደማታውቂ ቆጥሬ ኖርኩ። ይቅር በዪኝ።

አሁን ስለ ድንጋዩ። ኅዳር 1999 ከማይ ጸሊም ሸለቆ ይዤው የወጣሁትን ጥቁር መስታወት ታስታውሺዋለሽ፤ አውራ ጣት የሚያህለውን፣ ላዩ የተቦረቦረውን። በመዝገቡ ላይ ቁጥር 41 ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። በአገራችን የተገኘ የመጀመሪያው ቴክታይት ነው ብዬ ስንት መድረክ ላይ ቆሜለታለሁ። ለተማሪዎች ስገልጸው ዛሬም ያንቺን አነጋገር ነው የምጠቀመው፦ ትልቅ የሰማይ አለት ምድርን በጥፊ ሲመታት አፈሩ ቀልጦ ይረጫል፤ የተረጨው አየር ላይ በርዶ መስታወት ሆኖ ይወርዳል።

አንቺ በምትሠሪበት የናሙና ክፍል ከአምስት አገር የመጣ ቴክታይት እንዳለ ሰምቻለሁ። ከቁጥር 41 የተሰበረች ቁራጭ አብሬ ልኬያለሁ። ከአምስቱ ጋር አወዳድሪልኝና ያየሽውን ጻፊልኝ። ጡረታ ሳልወጣ አንድ የመጨረሻ ጽሑፍ ልጽፍ አስቤያለሁ።

የቀድሞ ባልደረባሽ
ጣሰው


አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሰው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፖስታው ደርሶኛል። ቁራጩም በጥጥ እንደተጠቀለለ ሳይሰበር ደርሷል። በማዘግየቴ ይቅርታ።

መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። ከወደቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ይቅርታህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ረስቼው ነበር ብልህ ውሸት ነው። ተቀብያለሁ ብልህም ገና ነው። እንዲሁ ይቆይ።

እውነት ነው፣ ከአምስት አገር የመጡ አሉን። የቼኩ አረንጓዴ ነው፤ መስኮት ላይ ሲይዙት እንደ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል። የታይላንዱ ጥቁር፣ ወፍራም ነው። የአውስትራሊያው ዙሪያውን ከንፈር ያለው የካፖርት ቁልፍ ይመስላል፤ ሲወርድ አየሩ ዳግመኛ አቅልጦት ነው። የቴክሳሱ ወደ ቡኒ ይመታል፤ በዕድሜ ከሁሉም ያረጀው እሱ ነው። የኮትዲቯሩ ጥቁር ነው። ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ ከሳጥኑ ብዙ አይወጣም።

ግን ማሽናችን ተበላሽቷል። መለዋወጫው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ብትተወው ይሻላል። በአሥራ ስምንት ዓመት ሁለተኛ ያልተገኘለት ድንጋይ ምን ያደርግልሃል?

ወደ ማይ ጸሊም አሁንም ትወርዳለህ እንዴ? በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ ሆኖ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሸዋወርቅ


መቐለ
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋዬ፤

እንዲህ ብዬ ብጠራሽ አይከፋሽም ብዬ ነው። ድሮ ሁሉም ሲጠራሽ በዚህ ነበር።

አልወርድም። ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ እግሬን አላነሳሁም። ምክንያቱን ዛሬ ባልጽፈው ይሻላል። አንዲት ተማሪዬ ተጎድታብኛለች፤ ከዚያ በላይ እጄ አልታዘዝ ይለኛል።

ማሽኑ ይቅር። ለሃያ ዓመት ድንጋይ ያየ ዓይን ከማሽን አያንስም። የምታዪውን ብቻ በጽሑፍ አድርጊና ፈርሚበት፤ ለጽሑፌ ማስረጃ ይሆነኛል። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሺኝ። ቁጥር 41 ከቦርሳዬ በወጣበት ቀን መኪናው አጠገብ እነማን ነበርን? የመስክ ማስታወሻዬ ቤቴ ሲዘረፍ ጠፍቷል።

ጣሰው


አዲስ አበባ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሰው፤

ሁለተኛው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንታት አልፈዋል። ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልህ ነበር፣ አልበዛብኝም።

አይቻለሁ። ቁራጭህ ከአምስቱ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ከቼኩና ከቴክሳሱ በቀለሙ ይለያል፤ ከታይላንዱና ከአውስትራሊያው በላዩ ገጽታ። ከኮትዲቯሩም ጋር አይመሳሰልም። ምናልባት ከአፋር በኩል የመጣ ባልጩት፣ ያው የእሳተ ገሞራ መስታወት ይሆናል። ቀለል ባለ ሠንጠረዥ አድርጌ፣ ፈርሜ ልኬልሃለሁ። በዚህ ይብቃን።

መኪናው አጠገብ የነበርነው ሦስት ነበርን፤ አንተ፣ እኔ፣ ሾፌሩ ጠሃ። ጠሃ አላህ ይዘንለት፣ አርፏል አሉኝ።

ተማሪህ ምን ሆና ነው? «ተጎድታብኛለች» ብለህ ትተወዋለህ። ስሟን እንኳ አልነገርከኝም።

ሸዋወርቅ


መቐለ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋዬ፤

ጠየቅሽኝ፤ እንግዲህ ልንገርሽ። ስሟ ረምላ ነው። ረምላ ኑርሁሴን። አባቷ ከወሎ መጥቶ እዚህ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከዓይደር ከፍ ብሎ ነው ቤታቸው። አራተኛ ዓመት ነበረች። እንደሷ ያለ ተማሪ በሃያ ዓመት ሁለቴ አላጋጠመኝም። ድንጋይ ስታነሳ መጀመሪያ ታሸተዋለች። ያንቺ ልማድ ነበር፤ እሷን ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ባለፈው ጥር ሰባት ተማሪዎች ይዤ ወደ ማይ ጸሊም ወረድኩ። ሰላም ከሆነ ዓመት አልፎት ነበር፤ ፈንጂ አለ የሚል ምንም ምልክት አልነበረም። ቁጥር 41 ወጣበት ባልኩት ቦታ፣ ሸለቆው የሚታጠፍበት ጋ፣ ረምላ ሦስተኛ ሆና ትሄድ ነበር። ዝቅ አለች፣ የሆነ ነገር አነሳች፣ ቀና ብላ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። ድምፁ ትንሽ ነበር። እንደ ጎማ መፈንዳት ነው።

ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም። ሐኪም ቤት ሦስት ወር ተኛች። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ ብርቱካን ይዤላት እሄዳለሁ። ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? «ዶክተር፣ ሁለተኛው ድንጋይ እዚያ አለ። ምርኩዙን ከለመድኩ ተመልሼ እወርዳለሁ።» እናቷ ዓፊፋ ታለቅሳለች፤ እሷ አትሰማም። በዚህ በጋ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ልትሄድ ቀን ቆርጣለች አሉኝ።

ምን ብዬ ላስቁማት? ሠንጠረዥሽን ባሳያት «ከየትም ጋር አይገጥምም ማለት አዲስ ዓይነት ነው ማለት ነው» ብላ ይብስባታል። አንድ ሰው ብቻ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ምንም የለም ብሎ በእርግጠኝነት ቢነግረኝ ልጅቷን አተርፋት ነበር። እንዴት ሊያውቅ እንደቻለም ቢጽፍልኝ። እኔ አልቀየመውም። ዕድሜዬ ቂም የሚይዝ አይደለም።

ጣሰው


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሰው፤

ይህን ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልቀድ እንድጨርሰው መጀመሪያ ዋናውን ልጻፍ። ልጅቷ ወደ ሸለቆው እንዳትመለስ። እዚያ ምንም የለም። ቁጥር 41ን ቦርሳህ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በ1998 ለሦስት ሳምንት ሥልጠና አክራ ሄጄ እንደነበር ታውቃለህ። በመጨረሻው ቀን ቦሱምትዊ የሚባለውን ክብ ሐይቅ አሳዩን፤ አለቱ የወደቀበት ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው። ከዚያ የተፈናጠረው መስታወት ያረፈው ጎረቤት አገር ኮትዲቯር ነው። አስተማሪያችን ሁለት ፍሬ ሰጠኝ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ አመጣኋቸው። ለማንም አላሳየሁም። ለአንተ ላሳይህ ነበር፤ ስመለስ ኃላፊው ጠርቶ ከቡድን መሪነት መነሳቴን ነገረኝ። ማን እንደነገረው ለማወቅ አልተቸገርኩም። የነገርኩት አንድ ሰው ነበር።

ኅዳር ላይ ማይ ጸሊም ስንወርድ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት «እሷን ከአፋፉ አርቋት» አልክ። ድምፅህ ደግ ነበር፤ ያሳሰብኩህ ይመስል ነበር። አሥራ አራት ተማሪ ዞሮ አየኝ። አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። ቀትር ላይ አንተና ጠሃ ግራሩ ሥር ምሳ ስትበሉ ቦርሳህ መኪናው ላይ ነበር። አንዱን ፍሬ አፈር አሸሁበትና ጨመርኩት።

የፈለግኩት ላዋርድህ ነበር። አልደብቅህም። ሴሚናሩ ላይ በሰው ሁሉ ፊት «አገኘሁ» ስትል፣ ሁለተኛውን ይዤ ተነስቼ «መንታው ይኸውና፣ ከእኔ ካልሲ የወጣ ነው» ልል ነበር። ቃሉን አጥንቼው ነበር። ቀኑ ደረሰ። ንግግርህን ስትጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልህ። እኔም ተነሳሁ። ድንጋዩ በእጄ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃላፊው አየኝና «ሸዋወርቅ፣ ደህና ነሽ? ውሃ ስጧት፣ ያዟት» አለ። የሚጥለኝ መስሎት ነው። ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። አንተ ከመድረክ ወርደህ ራስህ ውሃ አመጣህልኝ። ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? በሽታዋ ነው የሚያናግራት ሊሉ ነው። ደግሞም ፈራሁ። በዓመቱ ለቅቄ አዲስ አበባ መጣሁ።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይህንንም ልጻፍ። በየበጋው ወደ ሸለቆው ወረደ ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ባዶ መሬት ስትቆፍር እያሰብኩ ምሳዬን የጣፈጠኝ ቀናት አሉ። ከአንተ ኋላ የሚወርዱ ልጆች እንዳሉ አላሰብኩም። አሁን ሌላ አላስብም።

ኅዳር ላይ የላክሁልህ ሠንጠረዥ ሐሰት ነው። ማሽኑም አልተበላሸም። ቁራጭህ ከኮትዲቯሩ ጋር በሁሉም ነገር አንድ ነው። ሁለተኛውን ፍሬ ለዚህ ለናሙና ክፍል ሰጥቼው ነበርና የአንድ ሰው እጅ ሁለት ጣቶች ናቸው።

ለረምላ አንብብላት። ከፈለገች ትስደበኝ፤ ከፈለገች እመጣለሁ። ብቻ እንዳትወርድ።

ሸዋወርቅ ደምሴ
(ፊርማ)


መቐለ
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሸዋወርቅ ደምሴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ማስረጃ መቅረቡን ስለማሳወቅ

በጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በፊርማዎ አረጋግጠው የላኩልኝ ደብዳቤ፣ በተማሪ ረምላ ኑርሁሴን ላይ የደረሰውን አደጋ ለሚያጣራው ኮሚቴ ከኅዳሩ ሐሰተኛ ሠንጠረዥ ጋር ዋናው ቀርቧል። ተማሪዎቹን ወደ ቦታው ይዤ የሄድኩት በእርስዎ ድርጊት በመታለል፣ ለሳይንስ በነበረኝ ቅን እምነት መሆኑን ደብዳቤዎ ያስረዳል። ግልባጩ ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት እንዲደርስ ተደርጓል።

ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።

ጣሰው አስናቀ (ዶ/ር)


አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሰው፤

«እርስዎ» ስትለኝ ነው የገባኝ። አራት ወር ሙሉ ለምን በወረቀት በወረቀት እንዳልክ፣ ለምን «ፈርሚበት» እንዳልክ።

መሥሪያ ቤቴ ጠርቶኝ ነበር። የናሙና ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። እሱስ ይገባኛል፤ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ልጅቷ አንብባዋለች? መውረዱን ትታለች?

ሸዋወርቅ


መቐለ
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋወርቅ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ትናንት ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥሩ በዓል አሳለፍኩ፤ ለዚህ ነው በእጄ የምጽፍልሽ።

ጉዳዩ ተዘግቷል። ኮሚቴው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ አልፎኛል። «የተታለለ ባለሙያ» ይላል ውሳኔው። ልጅቷ አላነበበችውም። ለቤተሰቡ «አደጋ ነው» ተብሎ ተነገራቸው፤ እነሱም «የአላህ ሥራ ነው» ብለው ተቀበሉ። አንቺም አሁን ተዪው፤ ሰው ያልጠየቀውን አይነግሩትም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሞኝ አድርገሽኝ እንደኖርሽ እያሰብሽ እንድታረጂ አልፈልግም። በ2005 ዓ.ም. የቁጥር 41ን ቁራጭ ውጭ አገር ላለ ቤተ ሙከራ ልኬ ነበር። ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ያለ፤ ይዘቱ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ የኮትዲቯሩ ነው። ከእኛ መካከል አክራ የሄደ ማን ነበር? ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። አንቺ «ሳቅሁበት» ስትዪ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አውቄሽ ነበር።

ለምን ዝም አልክ ትዪ ይሆናል። ማዕረጌ በዚያ ድንጋይ ላይ ቆሟል። በየዓመቱ መኪና የሚመደብልኝ፣ ተማሪ የሚከተለኝ በሱ ነው። ፍለጋው ራሱ ይበቃኝ ነበር። ባዶ ሸለቆ መፈተሽ ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። ልጅቷ የራሷ ዕድል ነው።

እንግዲህ አንቺም እኔም ተበቃቅለናል። ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ጣሰው


መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሰው፤

አትጻፊልኝ ብለህ ነበር። ይህ የመጨረሻዬ ነው። ከቤትህ በእግር አሥር ደቂቃ ከማይሞላ ሆቴል ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ የእንግዳ መቀበያው ልጅ ያደርስልሃል።

ረቡዕ ገባሁ። ትናንት ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ ዓይደር ሄድኩ። የባጃጁ ልጅ እህቴ ለማለት «ሓፍተይ፣ ሆስፒታል ነው?» አለኝ። ከፍ ብሎ ነው፣ የጨርቅ ነጋዴው የኑርሁሴን ቤት አልኩት። ሳልጨርስ አወቀው። «እግሯን ያጣችው ልጅ ቤት» አለ።

በር የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ድንጋይ የማጠና፣ ከአዲስ አበባ ረምላን ልጠይቅ የመጣሁ ነኝ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ለእኛ ብለሽ ይህን ሁሉ አገር? አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። ጫማዬን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡት። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ረምላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጸጥ ያለች፣ ፊቷ ቀጭን ልጅ ናት። ምርኩዟ ከጎኗ ተደግፏል። ስሜን ነገርኳት። ሁለቱን ደብዳቤዎች ሰጠኋት፤ የእኔን የጥር 6ቱን ግልባጭ፣ ያንተን የሚያዝያውን ዋናውን። የእኔን አንድ ጊዜ አነበበች። ያንተን ሁለት ጊዜ።

«ተመልሼ እወርዳለሁ ብያለሁ?» አለችኝ።

«እንደዚያ ነው የጻፈልኝ» አልኳት።

«እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ መውረድ እንኳ እፈራለሁ። ሐኪም ቤት የመጣውም አንድ ቀን ነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ቀይ ጨርቅ ታስሮ ነበር እኮ። የሠፈሩ ሰዎች ያሰሩት። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ‘የመንገድ ቀያሾች ምልክት ነው፣ እለፊ’ አለኝ።»

ይህን አልነገርከኝም ነበር። ለኮሚቴውም እንዳልነገርከው እገምታለሁ።

ከዚያ ከትራሷ ሥር የክብሪት ቀፎ አወጣች። ውስጡ ባቄላ የምታህል ጥቁር መስታወት ነበረች። ያን ቀን ዝቅ ብላ ያነሳቻት ናት። ሐኪሞቹ ጣቶቿን ፈልቅቀው ነው ያወጧት። ዓመት ከአራት ወር አስቀምጣታለች።

«እርስዎ ከሁሉም አገር የመጣውን አይተዋል። ይህ ቴክታይት ነው?»

በእጄ ያዝኳት። ገና ሳልነካት አውቄያታለሁ፤ ባልጩት ናት። የድሮ ሰዎች ምላጭ ሊያደርጓት ከአፋር አምጥተው የጣሏት ስንጣሪ ናት፤ የተመታችበት ጠርዝ ይታያል። ልጅቷን አየኋት። ቀሚሷ ከአንድ ወገን ባዶ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። በእናቷ ጓዳ ሽንኩርት ይቁላላል። ጣሰው፣ አንተ ምን ትላት ነበር? እኔ «ነው» አልኳት። «ይመስለኛል፣ ነው» አልኳት።



«ጥጓን በእሳት ሞክሬያታለሁ» አለች። «እንደ ወተት ገነፈለች። ባልጩት ውስጡ ውሃ ስላለ ይገነፍላል፤ ቴክታይት ግን ደረቅ ነው፣ አይገነፍልም። ያስተማረኝ ዶክተር ጣሰው ነው።» መስታወቷን ከእጄ ወሰደች። «ይዋሹኝ እንደሆን ልይ ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እናቷ ትሪውን ይዘው ገቡ። ፊቴ አስቀመጡት፤ «ብይ፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ ረምላ ደብዳቤዬን ወደ እኔ ገፋችው።

«እናቴ ማንበብ አትችልም። ያንብቡላት።»

«አሁን?» አልኳት።

«አሁን። ሳይዘሉ።»

አነበብኩ። ካልሲውን፣ ቦርሳውን፣ ምሳዬ የጣፈጠኝን ቀናት ሳይቀር። ዓፊፋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። መሃል ላይ የሚያስቆሙኝ መስሎኝ ነበር፤ አላስቆሙኝም። ስጨርስ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይህ ሲሆን አንቺ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አምስት» አለች ረምላ።

ዓፊፋ ተነሱ። ከፊቴ ያለውን ትሪ አነሱት፤ ገና አልጨረስኩም ነበር። ጓዳ ገብተው ከዚያ በኋላ አልወጡም። ጫማዬን ራሴ ፈልጌ አደረግኩ።

ያንተን ደብዳቤ ላነብላቸው ስል ረምላ ከልክላኛለች። «ይህን የጻፈው ራሱ መጥቶ ያነብላታል» አለች። ዋናው እሷ ዘንድ ነው። ካልመጣህ ሰኞ ለኮሚቴው ታስገባዋለች። ብትመጣም ታስገባዋለች፤ ይህን እንድነግርህ ብላኛለች።

ነገ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሉም ቤት ናቸው።

ሸዋወርቅ